ጥሩ ተይዞ የቆየ የድሮ ሞተር ሳይክል እንዴት እንደሚገዛ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጂዎች

ያማሃ ዲቲ 175 ሞተሬ ለአራተኛ ጊዜ ሬቲፊካ (የተበላ ሲሊንደር የማስፋት ሥራ) ሲገባ፣ ሲሊንደሩን የለካው መካኒክ ፒስተኑን አገላብጦ አናቱ ላይ የተመታውን 100 የሚል ቁጥር አሳየኝና «ከዚህ በኋላ የምናሰፋው ነገር የለም፤ በሚቀጥለው የምትመጣው ሲሊንደር ይዘህ ነው» አለኝ። ቁጥሩ ሲሊንደሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ስፋት በ1 ሚሊ ሜትር መጨመሩን ያመለክታል፤ የማስፊያ ፒስተኖቹ መጠን በ0.25 ሚሊ ሜትር እያደገ ሄዶ የሚያበቃውም እዚያው ላይ ነው። ከደሴ ኩታበር፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስበት የኖርኩትን ሞተር በሌላ መተካት ግድ የሆነብኝ በዚህ ምክንያት ነበር።

አዲስ ሞተር መግዛት የሚችል ሰው አዲስ ቢገዛ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን የድሮዎቹን ጠንካራ ሞተሮች የለመደ፣ ብረታቸውን የሚያውቅ፣ በእጁም የተወሰነ መለዋወጫ ያከማቸ ሰው፣ ጥሩ ተይዞ የቆየ የድሮ ሞተር ካገኘ ብዙ ዓመት የሚያገለግለው ዕቃ ገዛ ማለት ነው። ችግሩ «ጥሩ ተይዞ የቆየ» የሚለው ቃል በደላላ አፍ ሲገባ «አዲስ ቀለም የተቀባ» ማለት ሆኖ መውጣቱ ነው። በእኔ አቆጣጠር ጥሩ ተይዞ የቆየ ሞተር ማለት ታሪኩ፣ አካሉና ወረቀቱ እርስ በርስ የሚመሰካከሩለት ሞተር ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ ጋር ሳይስማማ ከቀረ የቀለሙ ማማር ምንም አይጠቅምም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህን ምስክርነት እንዴት እንደሚሰበስቡ የሚያሳዩ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የሚገዙትን ዓይነት አስቀድሞ መወሰን

በአካባቢያችን ከመሥሪያ ቤትና ከዕርዳታ ድርጅት የወጡ የድሮ ሞተሮች በአብዛኛው ያማሃ ዲቲ 125 እና 175፣ ያማሃ ኤጂ 100 እና ኤጂ 200፣ ሱዙኪ ቲኤፍ 125፣ ሆንዳ ኤክስኤል 125 እና 185፣ እንዲሁም ሆንዳ ሲጂ 125 ናቸው። ዲቲ፣ ኤጂ 100 እና ቲኤፍ መካኒኮች ቱ ስትሮክ የሚሏቸው ናቸው፤ ዘይታቸውን ከቤንዚን ጋር ያቃጥላሉ፣ ክፍላቸው ጥቂት ነው፣ ዳገት ላይ ይበረታሉ፣ ቤንዚን ግን ይጠጣሉ። ሆንዳዎቹና ኤጂ 200 ፎር ስትሮክ ናቸው። ሲጂ 125 እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ ሆን ተብሎ የተሠራው ጭነት ለሚበዛበትና ጥገና ለሚዘገይበት አገር ነበር፤ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ካምሻፍት ከላይ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ውስጥ ሳይሆን ከታች ተቀምጦ በዘንግ ቫልቮቹን የሚገፋው፣ ካቴናውም ከአቧራ በክዳን የተከለለው ለዚሁ ነው። የኤጂዎቹም ካቴና እንዲሁ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው። የዚያ ዘመን ሆንዳ ኤክስኤል ደግሞ የካምሻፍቱ መቀመጫ ራሱ ቴስታታው በመሆኑ፣ ዘይት አጥቶ አንድ ጊዜ ከተበላ የሚለወጠው ኩሽኔታ ሳይሆን ቴስታታው ነው። ስለዚህ ኤክስኤል የሚገዛ ሰው ከላይ በኩል የሚሰማ ማንኳኳትን በቀላሉ ማለፍ የለበትም።

ከአሮጌው ሞተርዎ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሞተር መግዛት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አሮጌው የመለዋወጫ መጋዘን ይሆናል። እኔ ይህን ጥቅም ትቼ ከዲቲ ወደ ሲጂ የተሻገርኩት የቱ ስትሮክ ዘይት ፍለጋ ስለሰለቸኝ ነው። ይህ የግል ምርጫ ነው፤ ሁለት ዲቲ ይዞ በደስታ የሚኖር ጎረቤት አለኝ።

ደረጃ 2፦ መፈለግ

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች የሚያወጡት ጨረታ ነው፤ ዋጋው ሊረክስ ይችላል፣ ነገር ግን ዕቃው የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ስለሆነ ከገዙ በኋላ መመለስ የለም፣ አስነስቶ መሞከርም ብዙውን ጊዜ አይፈቀድም። ሁለተኛው ደላላ ነው። ደላላ መጥፎ አይደለም፤ የት ቤት ምን እንደቆመ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሆኖም የኮሚሽኑን መጠንና ከፋዩን ሞተሩን ከማየትዎ በፊት ይነጋገሩ። ሦስተኛው፣ የተሻለው፣ በዘመድ አዝማድና በመካኒክ በኩል ማስጠየቅ ነው። የድሮ መካኒክ የቀድሞ ደንበኞቹን ሞተር በድምፁ ያውቃል፤ «የእሳቸው ሞተር ካንዴላ ለመቀየር ካልሆነ እኔ ጋ መጥቶ አያውቅም» ካለ፣ ያ ቃል ከማንኛውም የሽያጭ ማስታወቂያ ይበልጣል።

የእኔ ሲጂ የተገኘው በዚህ ሦስተኛ መንገድ ኮምቦልቻ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አባት ሲሆኑ ሞተሩ ከቤታቸው ጀርባ ባለች ዕቃ ቤት ውስጥ ሁለት የእንጨት ግንድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጎማው መሬት ሳይነካ፣ በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ ቆሟል። ባትሪው በቦታው አልነበረም። «ጋሼ፣ ባትሪው የት ሄደ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እኔ ነኝ ያወጣሁት ልጄ፤ ሲቀመጥ አሲዱ ብረቱን እንዳይበላው ብዬ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ባለ መስመር ደብተር አመጡ። ዘይት የተቀየረበት ቀንና በዚያ ቀን ቆጣሪው ያነበበው ኪሎ ሜትር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተራ በተራ ተጽፎበታል፤ የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ቁጥርና ሞተሩ ላይ ያለው ቆጣሪ የሚለያዩት በ40 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ታሪክና አካል ሲመሰካከሩ እንዲህ ነው።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ከሞተሩ በፊት ማየት

ብዙ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ከወደደው በኋላ ስለ ሊብሬ ይጠይቃል፤ ልብ ከሸፈተ በኋላ ደግሞ የወረቀት ጉድለት ትንሽ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። በሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆኑን፣ ካልሆነም ሻጩ ሕጋዊ ውክልና መያዙን ያረጋግጡ። ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ያመሳክሩ። በአብዛኞቹ የጃፓን ሞተሮች የሻንሲ ቁጥሩ መሪው በሚገባበት አንገት ላይ፣ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ በሞተሩ የታችኛው አካል በስተግራ ተመትቶ ይገኛል። ቦታውን በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ጠርገው ስስ ወረቀት ያስቀምጡበትና በእርሳስ ጎን በስሱ ይሹት፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። በሞረድ የተፋቀ፣ እንደገና የተመታ ወይም ከፊሉ ጠልቆ ከፊሉ የቀለለ ቁጥር በዓይን ቢያልፍ እንኳ በእርሳስ አያልፍም። የሞተሩ አካል ተቀይሮ ከሆነ ለውጡ በሊብሬው ላይ መመዝገብ ነበረበት።

ይህ ማመሳከር በእኛ አካባቢ ከሌላውም ቦታ ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ብዙ ንብረት ተዘርፏል፣ ብዙ ሰነድም ጠፍቷል፤ ባለቤቱ አሁንም የሚፈልገውን ሞተር ሳያውቁ ገዝተው እንዳይገኙ መጠንቀቅ የገዢው ፋንታ ነው። ሞተሩ የተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ከሻጩ ጋር ሄደው ፋይሉ እንዲታይና ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት እንዲረጋገጥ ያድርጉ። ከዕርዳታ ድርጅት የወጣ ሞተር ሲሆን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ቀረጡ ተከፍሏል ወይ? የከፈለበትን ደረሰኝ ያላሳየ ሻጭ የራሱን ዕዳ ለእርስዎ እየሸጠ ሊሆን ይችላል፤ ጥርጣሬ ካለ ኮምቦልቻ ያለው የጉምሩክ ቅርንጫፍ ቅርብ ነው።

ደረጃ 4፦ ቀዝቃዛውን ሞተር በቀን ብርሃን መመርመር

ሻጩ አስቀድሞ እንዳያስነሳው ይንገሩት። ሲደርሱ የሞተሩን አካል በእጅዎ ይዳብሱ፤ ሞቆ ካገኙት ቀዝቀዝ ሲል ለመነሣት የሚያስቸግረውን ነገር ደብቀውብዎታል ማለት ነውና ሌላ ቀን ተመልሰው ይምጡ። በደሴ ብርድ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ በሦስት በአራት ምት የሚነሣ ሞተር ብዙ ነገሩ ደህና ነው።

ቆጣሪውን ከማመንዎ በፊት እግርና እጅ የሚያርፉበትን ቦታ ይመልከቱ። ቆንታ ኪሎ ሜትር በቀላሉ ይቀየራል፤ የፍሬን ፔዳሉ ብረት፣ የእግር ማሳረፊያው ጎማና የማርሽ መቀየሪያው ጫፍ ግን የተነዳውን ያህል ይበላሉ። 15,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደ የተባለ ሞተር የፍሬን ፔዳሉ እንደ መስታወት ከለሰለሰ፣ አንዱ ውሸቱን ነው፤ ፔዳሉ ግን አይዋሽም። በተቃራኒው ደግሞ ፔዳሉና የእግር ማሳረፊያ ጎማው ሁለቱም አዲስ ሆነው ካገኙ ለምን እንደተቀየሩ ይጠይቁ።

የቤንዚን ታንኩን ክዳን ከፍተው በባትሪ መብራት ውስጡን ይዩት። (ላይተር ለኩሶ የሚያይ ሰው አይቻለሁ፤ ቅንድቡ ተርፎለታል።) ስስ ቡናማ ዝገት ብቻ ከሆነ የሚጸዳ ነው፤ ተሰንጥቆ እየተላጠ የሚወርድ ቅርፊት ከሆነ ግን ታንኩ ከውጭ ምንም ቢያምር ከታች መቀደዱ አይቀርም። ከውጭ ደግሞ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በታንኩ ጎን ላይ ያንሸራቱት፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ የተሞላ ነው። በመሪው አንገትና የኋላ አሞርዛተሩ በሚታሰርበት አካባቢ ቀለሙ ከሌላው ቦታ የወፈረ ከሆነ ከሥሩ ብየዳ ሊኖር ይችላል። እነዚህ ሁለት ቦታዎች ጭነት የሚሸከሙ ናቸውና ብየዳ የተገኘበትን ሞተር እኔ አልገዛም። ሌላ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል።

የፊት አሞርዛተሩን ቱቦ ከላይ እስከ ታች በጥፍርዎ ይዳስሱ። ኒኬሉ ተነቅሎ ጉድጓድ ከሠራ፣ የፈለገውን ያህል አዲስ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚይዝ ላስቲክ) ቢገባበት ዘይት ማፍሰሱን አያቆምም። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተው መሪውን ቀስ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት መሐል ላይ ቆርቆር ብሎ ከተቀመጠ የአንገቱ ኩሽኔታዎች ጎድጉደዋል። የቸርኬውን ራጂዎች (ቀጫጭን ሽቦዎች) በመፍቻ እጀታ አንድ በአንድ መታ መታ ያድርጓቸው፤ የጠበቀው ራጂ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ደብ ይላል። ካቴናውን ከኋላ ጥርሱ ላይ ወደ ራስዎ ይሳቡት፤ ከጥርሱ ተነሥቶ ግማሽ ጥርስ የሚያህል ብርሃን ካሳየ ከነጥርሶቹ ይቀየራል።

ቆሞ የኖረ ሞተር ከመነዳት ይልቅ የሚጎዳው ላስቲኩ ነው። የጎማው ጎን ላይ በአንድ ትንሽ ክብ ቅርጽ ውስጥ የሚገኙ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2214 ማለት በፈረንጆቹ 2014 ዓመት በ22ኛው ሳምንት ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለው ጎማው የተሠራው ከ2000 በፊት ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ላለው የሐረጎ ቁልቁለት የሚታመን ጎማ አይደለም። በካርቡሬተርና በሲሊንደር መካከል ያለውን የላስቲክ አንገት አጠፍ አድርገው ስንጥቅ ይፈልጉ። በዲቲና በኤጂ 100 ላይ ይህ ስንጥቅ፣ እንዲሁም የደረቀ የኮሎ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ፓራኦሊዮ፣ ያልተፈለገ አየር አስገብቶ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ እንዲጣበቅ ያደርጋል፤ ዘይቱም ቤንዚኑም ሙሉ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ማስነሣት

ለብዙ ጊዜ የቆመ ሞተር ከሆነ ካንዴላውን ፈተው አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ያፍስሱ፣ ማርሽ ሳያስገቡ በእግር ቀስ እያሉ ጥቂት ጊዜ ያዙሩት፣ ከዚያ ካንዴላውን መልሰው ያስነሡ። ደረቅ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ደረቅ ሲሊንደር ላይ ሲሮጥ በአንድ ደቂቃ የሚያደርሰው ጉዳት በዓመት መንዳት አይደርስም።

የመጭመቅ ኃይሉን የሚለካ መሣሪያ ያለው መካኒክ ካገኙ ያስለኩት፣ ነገር ግን የቁጥሩን ትርጉም ይወቁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በመመሪያ መጽሐፍ ላይ 150 የተባለ ሞተር፣ ምንም ሳይጎድለው፣ እዚህ ከ110 ትንሽ ከፍ ብሎ ያነብባል። ይህን ሳያውቁ «ፋሻው አልቋል» ተብሎ ደህና ሞተር የተፈታበት ጊዜ አለ። መሣሪያ ከሌለ በእግር ማስነሻው ላይ ክብደትዎን አሳርፈው ይቁሙ፤ ጤነኛ ሞተር ተሸክሞዎት ጥቂት ይቆይና ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ የላላው እንደ ቅቤ ወዲያው ይሰምጣል።

ደረጃ 6፦ የሐረጎ ፈተና

ሞተሩን በሰፈር ውስጥ ሁለት ዙር አሽከርክሮ መግዛት ለእኛ ሞኝነት ነው፤ የትኛውም ፋብሪካ የማይሠራው የሙከራ መንገድ በራችን ላይ አለልን። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በዚህ ርቀት መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ተመልሶ መውጣት ደግሞ አለ። ሻጩ እንዲተማመን መታወቂያዎንና የተስማማችሁበትን ቀብድ በሁለታችሁ በሚታመን ሰው እጅ አስቀምጡ። የተሻለው ግን ሻጩ ራሱ ከኋላ ተቀምጦ አብሮ እንዲሄድ ነው፤ ሞተሩ ሁለት ሰው ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ የሚያሳየው ጠባይ ለብቻ ሲነዱት አይታይም። ሰኞን ግን አይምረጡ፤ ገበያ ሲውል ከከተማ ለመውጣት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በሐምሌና በነሐሴም ጭጋጉ ስለሚወርድ ረፋድ ላይ ይውጡ።

ቁልቁለቱን በ3ኛ ወይም በ2ኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይሰጡ ይውረዱ። የሚያዩት ሦስት ነገር ነው። ማርሹ በራሱ ወጥቶ ባዶ ከገባ ካምቢዮው ውስጥ የተበላ ጥርስ አለ፤ ይህ ጥገና ሞተሩን ለሁለት ከፍሎ ማውጣት የሚጠይቅ ነው። የፍሬን መያዣው እየወረዱ በሄዱ ቁጥር ወደ መሪው እየቀረበ ከመጣና የሚሸት ነገር ካለ ሸራው አልቋል ወይም ከጋናሹ (ሸራው ከተጣበቀበት ብረት) እየለቀቀ ነው። ሦስተኛው፣ በፎር ስትሮክ ሞተር ላይ የምወደው ፈተና ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ወርደው መጨረሻ ላይ ነዳጅ ሲሰጡ የኋላው ሰው ማርሚታውን ይመልከት። በዚያች ቅጽበት ብቻ አንድ ጊዜ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጢስ ከወጣ ዘይት በቫልቮቹ በኩል እየተሳበ ነው። ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም፣ ዋጋ ላይ ግን ይነሣል።

ቱ ስትሮክ የሚሞክር ሰው ይህን ቁልቁለት በሌላ ጥንቃቄ መውረድ አለበት። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚገባለት ሞተር፣ ነዳጅ ተዘግቶ በፍጥነት ሲሽከረከር ከቤንዚኑ ጋር ዘይቱም ይቋረጥበታል። በየጊዜው ፍሪሲዮን ይዞ ነዳጅ ሰጠት ማድረግ የቆየ የነጂዎች ልማድ ነው። ዲቲና ኤጂ 100 የራሳቸው የዘይት ፓምፕ ስላላቸው አደጋው ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

ኮምቦልቻ ደርሰው ሲቆሙ የሁለቱን ቸርኬ መሐል በእጅዎ ይንኩ። ፍሬን ይዘው ስለወረዱ ሞቅ ማለቱ ያለ ነው፤ አንደኛው ከሌላው በጣም በልጦ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ፍሬኑ አይለቅም ወይም ኩሽኔታው ተበላሽቷል። ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ፣ በሞቀበት ቶሎ ይነሣ እንደሆነ ይዩ፤ በብርድ ተነሥቶ በሙቀት እምቢ የሚል ሞተር ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሕመም አለበት።

ዳገቱ የሞተሩን ጉልበት ይናገራል። በከፍተኛ ማርሽ ላይ ሆነው ነዳጁን ሙሉ ሲሰጡት ድምፁ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ዳገቱን ሙሉ የሚከተል ሰማያዊ ጢስ በፎር ስትሮክ ላይ ከታየ ፋሻው አልቋል። ጥቁር ጢስና ጉልበት ማጣት ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ሞተሩ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ከ500 ሜትር በታች ካሉት ከሎጊያና ከሰመራ የመጣ ሞተር ካርቡሬተሩ ለዚያ ወፍራም አየር የተስተካከለ ስለሆነ ደሴ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ይታፈናል። አነስ ያለ ጂግለር (ቤንዚን የሚመጥን የካርቡሬተር ቀዳዳ) ሲገባለት የሚድን ሞተር ነው፤ ሌሎች ገዢዎች ሰነፍ ነው ብለው ጥለውት ሲሄዱ እርስዎ በርካሽ ሊያገኙት ይችላሉ።

የተገላቢጦሹን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። ዲቲዬን ደሴ ላይ ትንሽ ጂግለር አስገብቼለት እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር፤ ያንኑ ጂግለር ሳልቀይር ወደ ሚሌ ጉዞ ጀመርኩ። ባቲን አልፌ ሙቀቱ ሲጀምር ድምፁ ቀጠን አለ፣ ደስ የሚል ቅለትም ተሰማኝ፣ ከዚያ የኋላ ጎማው በድንገት ተቆለፈ። ቆላ ላይ አየሩ ወፍሮ ቤንዚኑ አንሶ ፒስተኑ ነክሷል። በአይሱዙ ተጭኜ ነው የተመለስኩት፤ ከአራቱ ሬቲፊካ አንዱ የዚያ ቀን ውጤት ነው።

ደረጃ 7፦ ዋጋና ውል

ከፈተናው በኋላ ያገኙትን ጉድለት በወረቀት ላይ ይጻፉና የእያንዳንዱን መለዋወጫና የእጅ ዋጋ ከሱቅና ከጋራዥ ጠይቀው ይደምሩ። «ትንሽ ቀንስልኝ» ከማለት ይልቅ «ሁለት ጎማ፣ ካቴና ከነጥርሱና ባትሪ ይህን ያህል ይፈጃል» ማለት ሻጩንም አያስቀይምም። ነገር ግን ጥሩ ይዘው ያቆዩትን ሰው በከንቱ አይከራከሩ። እኔ ለደብተሩ ስል ከተጠየቅኩት ብዙ አላወረድኩም።

ውሉ በሁለት ምስክር ፊት በወረቀት ተጽፎ ብቻ የሚያበቃ ሳይሆን በሚመለከተው የሰነድ ማረጋገጫ አካል ፊት የሚፈረም ነው። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ካላገባ ይህንኑ የሚያሳይ ማስረጃ ስለሚጠየቅ ቀድመው ያሳስቡ። ገንዘቡ በባንክ ቢተላለፍ ማስረጃ ይኖርዎታል። ሞተሩ በሌላ ከተማ የተመዘገበ ከሆነ የፋይል ዝውውሩ ጊዜ ይወስዳልና፣ ከክፍያው የተወሰነውን ስሙ እስኪዞር እንዲቆይ በውሉ ላይ ያስገቡ።

ደረጃ 8፦ የተኛውን ሞተር ማንቃት

ከገዙ በኋላ ወዲያው ወደ ሥራ አያስገቡት። አሮጌው ቤንዚን ይደፋ፣ ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ይታጠብ፣ የቤንዚን ቱቦው ይቀየር። ስስ ዝገት ያለበትን ታንክ ኮምጣጤ ሞልቶ አንድ ሁለት ቀን ማሳደር፣ ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ አጥቦ ወዲያው ማድረቅና ቤንዚን እስኪሞላ ድረስ ውስጡን በጥቂት ዘይት ማርጠብ ይበቃል። ጎማ፣ ከመነዳሪና የፍሬን ገመድ ያለ ክርክር አዲስ ይሁኑ። የፍሬን ጋናሾቹ ደህና ቢመስሉም ወጥተው ይታዩ፤ ሸራው በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ ዕድሜ ሲጠና ከብረቱ ተላቅቆ ጎማውን ሊቆልፍ ይችላል። በሲጂ ላይ የሞተር ዘይቱ ሲወርድ የወንፊት ማጣሪያውም ወጥቶ ይታጠብ፤ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። በዲቲና በኤጂ 100 ላይ ደግሞ የዘይት ፓምፑ መሥራቱን የዘይቱ መጠን ሲቀንስ በዓይንዎ እስኪያዩ ድረስ፣ የመጀመሪያውን ታንክ ቤንዚን ለ50 እጅ አንድ እጅ ዘይት ጨምረው ይንዱ። ቢጨስም ይጨስ።

ደረጃ 9፦ አሮጌውን ሞተር ማሰናበት

አዲስ የገዙት የድሮ ሞተር ደሴና ኮምቦልቻን ለአንድ ወር ተመላልሶ ስሙም በእርስዎ እስኪዞር ድረስ አሮጌውን አይሽጡ። የሚሸጡት ከሆነ ደግሞ ለገዢ ውል ብቻ ሰጥተው ሊብሬው በስምዎ እንዳለ አይተዉት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የተሽከርካሪ ባለቤት በተሽከርካሪው ለሚደርስ ጉዳት፣ ሌላ ሰው ሲነዳው የደረሰ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ የሚያደርገው ስለሆነ፣ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚፈለገው በመዝገቡ ላይ ስሙ የሚገኝ ሰው ነው። «ነገ አዞራለሁ» የሚል ገዢ ካጋጠመዎ ሞተሩን ከማስረከብዎ በፊት አብረው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። በመለዋወጫነት የሚያስቀሩት ከሆነ በቅድሚያ ቤንዚኑንና ባትሪውን ያውጡ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ያፍስሱ፣ የሚፈለጉትን ክፍሎች ደግሞ ዛሬውኑ ይፍቱ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊፈቱት ሲሞክሩ ብሎኑ ከዝገት ጋር አንድ ሆኖ ይጠብቅዎታል። የእኔ ዲቲ ካርቡሬተሩ፣ ማግኔቱና የፊት አሞርዛተሩ ተፈትተው ለባለ ሁለት ዲቲው ጎረቤቴ ሄደዋል፤ ያ 100 የተመታበት ፒስተን ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንዳይበርር ይይዝልኛል።